ባህር ሸሽ ምንድን ነው?

ባህር ዳር ያደገ ሰው ቃሉን መስማቱ አይቀርም፣ ግን ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት እንደኔው "ያው ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት ነዋ" ብሎ ነው የሚያልፈው። ልክ ነው፣ አልተሳሳተም። ችግሩ ውሃው ለምን ሸሸ፣ አፈሩስ ከየት መጣ፣ እዛ ቦታ ላይ ድሮ ምን ነበር እያላችሁ ስትቀጥሉ ነገሩ እየጎተተ ጉና ተራራ ድረስ ይወስዳችኋል።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ ሀይቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ሆኖ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 15 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ አድርጋችሁ አስቡት፣ ትንሽ ስትቀንሱለት ዳሩ ብዙ ይርቃል አይደል? መስከረም ጥቅምት ላይ ጢም ይላል፣ ከዛ ግንቦት ሰኔ እስኪደርስ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል፣ በፎገራና በደምቢያ በኩል ደግሞ ዳሩ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ የሚገለጠው መሬት ቀላል አይደለም። ባህር ሸሽ የሚባለው ይሄ ነው። ገበሬው ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራ፣ ጓያ፣ በቆሎ፣ አንዳንዴ ጤፍም ይዘራበታል፣ አፈሩ እርጥበቱን ስለያዘ ሰማይ ማየት አያስፈልግም።

ለምንድን ነው እንደዚህ የሚያበቅለው? ደራ ውስጥ አንድ አጎት አለኝ፣ አንዱ ማሳው ዳገቱ ላይ ነው ሌላው ውሃው ዳር፣ እና ስለ መሬቱ ስጠይቀው "ላይኛው ድንጋይ እያበቀለ ነው፣ ታችኛው አፈር እያበቀለ" አለኝ። እኔ ለቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር። ጉማራና ርብ ሁለቱም የሚነሱት ከጉና ነው፣ ግልገል አባይ ከሰከላ በኩል ይመጣል፣ መገጭ ከጎንደር በላይ፣ ወደ ጣና የሚገባውን የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት እነዚህ አራቱ ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ ታርሶ ታርሶ ባለቀ ዳገት ላይ ነው የሚያልፉት። ጉና ላይ አስታ ቁጥቋጦና ጓሳ ሣር ይሸፍነው የነበረ ቦታ ገብስና ድንች ሆኗል። ከደብረ ታቦር መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ዙሪያውን እዩ፣ የሀገር ዛፍ ጠቅጠቅ ብሎ ካያችሁ ቤተክርስቲያን ነው፣ ሌላው ባህር ዛፍ ነው ወይ ባዶ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ የሚይዘው ቅጠልም ሥርም ስለሌለ አፈሩን ጠራርጎ ይዞት ይወርዳል፣ ከዛ ሜዳው ላይ ወንዙ ጉልበቱ ሲያልቅ ጥሎት ይተኛል። ግልገል አባይ ጣና የሚገባበት ላይ ደለሉ ተከምሮ ተከምሮ መሬት እንደ ምላስ ወደ ሀይቁ ወጥቷል። ርብም ወለሉ በደለል ስለሚሞላ ከአልጋው እየወጣ ፎገራን ያጥለቀልቃል፣ የ1998 ዓ.ም. ክረምትን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

ስለዚህ ባህር ሸሽ ግማሹ ውሃ የለቀቀው መሬት ነው፣ ግማሹ የሰው ማሳ ነው፣ ከላይ ካለው ገበሬ ሳያውቀው የተወሰደ።

አሁን ወደ ዳሩ እንምጣ፣ ምክንያቱም ያ ቦታ ባዶ አልነበረም። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውሃ ሣር) ነው፣ ከሱ ጋር ፊላ፣ ወደ የብስ ስትወጡ ደግሞ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋርካ፣ ብርብራ (ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጨመረው፣ መጥፎ ልማድ ነው ግን አለ)። ደንገል ዝም ብሎ ለታንኳ መሥሪያ የተፈጠረ ሣር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው፣ ወንዙ ያመጣውን ጭቃ ያጣራል፣ ማዕበሉን ይሰብራል፣ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች የሚራቡት ዳር ዳር ባለው እፅዋት ውስጥ ነው። የሚበቅለው ከመሬት ውስጥ ካለ ሥር ስለሆነ ብታጭዱት ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ በማረሻ ከተገለበጠ ግን አለቀ። ደንገል ሲጠፋ ቀድሞ የተጎዳው ደግሞ በታንኳና በሱ ሥራ የሚተዳደረው የነገደ ወይጦ ሰው ነው፣ ስለ ጣና ሲወራ ስማቸው ብዙም አይነሳም።

ውሃው የሚሸሸው በፀሐይ ብቻ ነው እንዳትሉ። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ አባይ ከጣና የሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ በኋላ የሀይቁ ከፍታ የሰው እጅም ገብቶበታል፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ መብራት ማመንጫ ሲመረቅ በምዕራብ በኩል በዋሻ ውሃ መውሰድ ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁም ለመብራት የተለቀቀውም ውሃ ተደምሮ ሀይቁ በጣም ወረደ፣ ሰውም የተገለጠውን አረሰ፣ ማን ይተዋል? አንዴ የታረሰ መሬት ደግሞ ባለቤት ያበጃል፣ ውሃው ሲመለስ "መሬቴን ያዘብኝ" ይባላል። ወሰኑ በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ መሬት ላይ ድንበር አበጁ ማለት እንግዲህ ጠብ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት።

እምቦጭስ? ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሰሜንና ምሥራቁን ዳር የወረሰው እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በባህር ሸሽ ምክንያት መጣ አልልም፣ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ደንገሉ የተነሳለት፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና አፈር የሚገባበት ውሃ ለሱ ሠርግና ምላሽ ነው። እና ውሃው ሲሸሽ እምቦጩ እዛው መሬቱ ላይ ይቀራል፣ ያንን ማጽዳት ያለበት ማነው? ያው ሽምብራ ሊዘራ የመጣው ገበሬ።

ሌላ አማራጭ የለም እንዳይባል ዘጌ አለ። ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እዛ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፣ አቡነ በትረ ማርያም ከሰጡት ቃል ኪዳን ጋር ያያይዙታል፣ ሰው የሚኖረው ከዛፍ ሥር ባለ ቡና ነው። ስለዚህ ደኑ እስከ ውሃው ይወርዳል። ለነገሩ እኛ ልጅ ሳለን በታንኳ ተጭኖ ባህር ዳር የሚመጣው ማገዶ ከዛው ከዘጌ ነበር፣ ስለዚህ ዘጌም ንጹህ ነው ብለን አንቀልድ። ግን ሃይማኖትም ይሁን ሌላ፣ ማረሻው አለመግባቱ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ በዓይን ይታያል። ቤተክርስቲያን ደኖች ላይ ብዙ የሠሩት ዶክተር አለማየሁ ዋሴም ያገዙት ሥራ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያሳየው፣ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደኑን ሲያጥሩት ከብትና ማረሻ ቀረ፣ ችግኙ ከውስጥ ራሱ መብቀል ጀመረ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ) ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዳሩን ለቀቅ አድርጉ የሚባለው ገበሬ ላይኛው ማሳው ድንጋይ የሆነበት ሰው ነው፣ ይሄን ረስቶ ማውራት ከንቱ ነው። ከላይ ዳገቱ ላይ እርከን ሳይሠራ ታች ደንገሉ አይተርፍም፣ ደለሉ ይቀብረዋል።

አጎቴ ከሽምብራው ፊት ለፊት አንድ ስድስት ክንድ የሚሆን ደንገል ሳያርስ ትቷል። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስብሰባ ላይ ሰምቶ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አንድ ዓመት ማዕበል ቡቃያውን በልቶበት ነው። ጎረቤቶቹ መሬት አባከንክ ይሉታል፣ ደንገሉንም በበጋ የሰው ከብት እየገባ ይበላበታል፣ ዘንድሮ እሾህ ሊያጥርበት ነው።