ሲስተሙ ገባ፤ ሰውስ?

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ቡና ላይ ስንቀመጥ «መሥሪያ ቤታችን ዲጂታል ሊሆን ነው» የሚል ወሬ የማይነሳበት ቀን የለም። ጥሩ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። አብረውት የሚነሱት አንዳንድ አመለካከቶች ግን ልክ አይደሉም፤ ገንዘብም ሰውም ያስከስራሉ።

«ዋናው ሲስተሙን መግዛት ነው»

አይደለም። የፎቶ ፊልም አምራቹን ኮዳክን እንውሰድ። በ1975 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ካሜራ የሠራው የራሱ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነበር። ቴክኖሎጂውም ባለሙያውም ቤቱ ውስጥ ነበሩ። አለቆቹ ግን የፊልም ገቢያችን ይነካል ብለው ሲያመነቱ ጊዜው ነጎደ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ዕዳው ከብዶት በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቴክኖሎጂውን መያዝ ብቻውን አላዳነውም።

«ዲጂታል ባለሙያ ማለት ኮድ የሚጽፍ ነው»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የወረቀት መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ገባ። አንድ ቀን ፀሐይ የምትባል ደንበኛ መጣች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ጸሐይ» ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለው። ሴትዮዋ «ኧረ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ!» እያለች አዲስ ፋይል ተከፈተላት። በኋላ ሲታይ የአንድ ሰው ፋይል ሦስት ቦታ ተቀምጧል።

ሲስተሙን የሠሩት ልጆች ጎበዞች ነበሩ። ግን ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ፀ እና ጸ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ማሽኑ የሚለያቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። ችግሩን ያገኙት መዝገብ ቤት የኖሩት እትዬ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ብለው በእስክሪብቶ ጽፈው ለልጆቹ ሰጧቸው። ፍለጋው እነዚህን እንደ አንድ እንዲያይ ተደረገ፤ ነገሩ ተፈታ። እትዬ አንድ መስመር ኮድ አልጻፉም። ሥራውንም ማሽኑንም ማየት የሚችሉት ግን እሳቸው ነበሩ።

ሂሳብ ክፍሉም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር 12 ወር ነው የሚያውቀው። ጳጉሜን የት ይግባ? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 መጀመሩንስ ማን ይንገረው? ይህን ቀድሞ የሚያስታውሰው ደሞዝ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

«ወጣት ከሆነ ይችለዋል»

ቲክቶክ ላይ መፍጠን ሌላ፣ ኤክሴል ላይ የተበላሸ ቁጥር ማሽተት ሌላ። ወጣትም ሰልጥኖ ነው የሚችለው።

«ዲጂታል ሲመጣ ሠራተኛ ይባረራል»

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዛሬ አራዳ ገበያ አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ገብታችሁ እዩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ስክሪንሾት አታምንም። ብሩ መግባቱን በራሷ በኩል አይታ፣ የግብይት ቁጥሩን መዝግባ ነው ዕቃውን የምትለቀው። ማታ ደግሞ ጥሬ ብሩን፣ ቴሌብሩንና ባንኩን ለየብቻ ታመሳክራለች። ሥራዋ ከበደ እንጂ አልጠፋም።

ስጋቱ ከንቱ ነው ግን አልልም። ብር መቁጠር ብቻ የሚያውቅ፣ ሌላ ያላስተማሩት ሠራተኛ ይጎዳል። ስለዚህ ስልጠናው ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት መጀመር አለበት። ሠራተኛው ግራ ከተጋባ በኋላ የሚሰጥ የሁለት ቀን ስልጠና አይጠቅመውም።

«ለዚህ የሚሆን ሰው ጎንደር የለም፤ ከአዲስ አበባ ይምጣ»

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ ያስተማራቸው ልጆች እዚሁ አሉ። አማካሪ ይምጣ፣ ያግዝ። እሱ ግን ሥራውን ሲጨርስ ከአዘዞ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ቆሞ ወረፋው ደጅ ሲደርስ የሚደወልለት የከተማው ልጅ ነው። እባካችሁ፣ ያንን ልጅና መዝገብ ቤት ያሉትን እትዬ ገና ሲስተሙ ሲመረጥ ጥሯቸው።