ከእንግሊዝ ሆኖ አሜሪካ የቆረጠችውን ታክስ ማስመለስ

እንግሊዝ እየኖረ ከአሜሪካ ገቢ የሚመጣለት ሰው ብዙ ነው። አንዱ በስልኩ አፕ የአፕልና የማይክሮሶፍት አክሲዮን ይገዛል፣ ሌላው ዩቲዩብ ቻናል አለው ወይ አማዞን ላይ መፅሀፍ ይሸጣል፣ ሌላዋ ደግሞ ዲሲ ወይ ዳላስ ስትሰራ ያጠራቀመችው 401ኬ የሚባለው የመስሪያ ቤት ጡረታ እዛው ቀርቶ እሷ ለንደን ገብታለች። ለሁሉም የሚደርሰው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ከፋዩ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ለአሜሪካው ግብር መስሪያ ቤት ለአይአርኤስ ቆርጦ ያስቀራል፣ የህጉ መነሻም 30 በመቶ ነው። ብዙ ሰው "በቃ የአሜሪካ ህግ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን 30 መቆረጥ አልነበረበትም። (እንግሊዝ ሲባል ስኮትላንድም ዌልስም ሰሜን አየርላንድም አሉበት፣ ዓመተ ምህረቱም በፈረንጅ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ወይም ግሪን ካርዱን ያልመለሰ ሰው በመሰረቱ የትም ቢኖር እንደ አሜሪካ ነዋሪ ነው ታክስ የሚያሰራው፣ ስለዚህ ይሄ ፅሁፍ እሱን አይመለከትም።)

መብቱ የሚመነጨው ሁለቱ አገሮች ድርብ ግብርን ለማስቀረት ከተፈራረሙት ስምምነት ነው። የመጀመሪያው ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው አፕሪል 16 ቀን 1945 ነው፣ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በሞቱ በአራተኛው ቀን፣ ጦርነቱ እንኳን ገና ሳያልቅ። ሁለተኛው በ1975 መጨረሻ ተፈርሞ ስራ ላይ የዋለው በ1980 ነው። አሁን ያለው ጁላይ 24 ቀን 2001 ለንደን ላይ ተፈርሞ ማርች 31 ቀን 2003 የፀናው ነው፣ እውነቱን ለመናገርም ለተራ ሰው በጣም ጥሩ ስምምነት ነው፦ ተራ ዲቪደንድ (አክሲዮን የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ) 15 በመቶ፣ ወለድ ዜሮ፣ ሮያሊቲ (ከመፅሀፍና ከመሳሰለው ስራ የሚገኝ የባለቤትነት ክፍያ) ዜሮ፣ በየወሩ የሚከፈል የግል ጡረታም የሚታክሰው በሚኖሩበት አገር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ የገቢ ግብር ስምምነት የላትም፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ዩቲዩበር ከአሜሪካ ተመልካች በሚያገኘው ላይ 30 ሲቆረጥበት በርሚንግሃም ያለው ወንድሙ ፎርሙን ከሞላ ምንም ላይቆረጥበት ይችላል።

ፎርሙ ደብልዩ-8ቤን ይባላል። ለአይአርኤስ አይላክም፣ ለብሮከሩ (አክሲዮኑን ለሚያገበያየው ድርጅት) ወይም ለከፋዩ ነው የሚሰጠው። አድራሻ፣ የእንግሊዝ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የምትጠይቀው የስምምነቱ አንቀፅና ፐርሰንት ይገባበታል፣ ከዛ ፊርማ። ከ2001 በፊት ለዲቪደንድ ከፋዩ መዝገብ ላይ ያለውን አድራሻ አይቶ ብቻ ዝቅተኛውን ይቆርጥ ነበር፣ አሁን ግን ያለ ወረቀት አይሆንም። ፎርሙ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ያለው ሶስተኛ ዓመት ሲያልቅ ጊዜው ያልፍበታል፣ 30 በመቶ በድንገት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ብሮከሩ "አድስ" ብሎ የላከው ኢሜይል ሳይከፈት ሲቀር ነው። ዩቲዩብ ከጁን 2021 ጀምሮ መቁረጥ ሲጀምር ደግሞ ምንም ያልሞላ ሰው ከአሜሪካ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት እንደሚችል ነው ያስታወቀው።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው "የተቆረጠብኝን በእንግሊዝ ታክሴ ላይ አቀናንሳለሁ" ብሎ ያስባል፣ ልክ የሚሆነው ግን በግማሽ ነው። የእንግሊዙ ግብር መስሪያ ቤት ኤችኤምአርሲ የሚያቀናንሰው ስምምነቱ ለአሜሪካ እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ነው። ለምሳሌ 1,000 ዶላር ዲቪደንድ መጥቶልህ 300 ተቆርጧል እንበል። በ2025/26 የግብር ዓመት ከ500 ፓውንዱ ነፃ ገደብ ያለፈና ከፍተኛ ተመን ላይ ያለ ሰው 33.75 በመቶ፣ ማለትም 337.50 ይታሰብበታል፣ የሚቀነስለት 150 ነው፣ 187.50 ይጨምራል፣ በጠቅላላው 487.50 ከፈለ ማለት ነው። ትርፉ 150 አሜሪካ ነው ያለው፣ ኤችኤምአርሲን ብትለምነው አይሰጥህም፣ ደግሞም አልወሰደውም። በዛው ዓመት በዝቅተኛው ተመን፣ በ8.75 በመቶ፣ የሚከፍለው ሰው ደግሞ የሚቀነስለት 87.50 ብቻ ነው፣ ትክክለኛው 15 በመቶ ቢቆረጥም ልዩነቱ የትም አይመለስለትም።

ትርፉን ለማስመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ብሮከሩ ነው። ከሚቀጥለው ዓመት ማርች 15 በፊት ከሆነ ቆራጩ ራሱ አስተካክሎ መመለስ ይችላል፣ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው፣ አንዳንዱ ብሮከር ግን አይሞክረውም። እሱ ካለፈ 1042-ኤስ የሚባለውን፣ የተከፈለህንና የተቆረጠብህን የሚያሳየውን ወረቀት መያዝ ነው። እዛ ላይ ሳጥን 1 የገቢውን አይነት በኮድ ያሳያል (06 ዲቪደንድ ነው)፣ ሳጥን 2 ጠቅላላ ገቢውን፣ 3ለ (3b) የተቆረጠበትን ፐርሰንት፣ 7ሀ (7a) የተቆረጠውን ዶላር። 3ለ ላይ 30.00 ካየህ ጉዳይ አለህ። የእንግሊዝ ብሮከሮች ብዙዎቹ የደንበኞቻቸውን ገቢ አንድ ላይ ደምረው ስለሚያሳውቁ በስምህ የወጣ 1042-ኤስ ላይኖርህ ይችላል፣ እንዲያወጡልህ በፅሁፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዛ 1040-ኤንአር የሚባለው፣ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግብሩን የሚያሳውቅበት ፎርም ይሞላል። ዲቪደንዱ ኤንኢሲ የሚባለው አባሪ ላይ 15 በመቶ የሚለው አምድ ውስጥ ይገባል፣ የተቆረጠው 300 ይፃፋል፣ ልዩነቱ ተመላሽ ሆኖ ይወጣል። የአሜሪካ የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው ሰው ደብልዩ-7 በሚባል ፎርም አይቲን የሚባለውን ቁጥር ይጠይቃል፣ ደብልዩ-7ቱ ከፊት ሆኖ 1040-ኤንአሩ ከኋላው ተያይዞ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላለው የአይቲን ክፍል ነው የሚላከው። ማንነትን ለማሳየት ፓስፖርትን በፖስታ መላክ ማንንም ያስፈራል፣ ለዚህ ነው አይአርኤስ የፈቀደላቸው አረጋጋጭ ወኪሎች እንግሊዝ ውስጥም ያሉት፣ ክፍያ አላቸው ግን ፓስፖርቱን እነሱ አይተው ይመልሱልሃል። ለእኛ ለሀበሾች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ ፓስፖርት ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተደርድሮ ብሮከሩ ጋር አያቱ ተዘሎ ወይም አባትና አያት ተጣብቀው የተመዘገበ ሰው ሞልቷል። ደብልዩ-7 ላይ የሚፃፈው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ስለሆነ የብሮከሩን ስም ቀድሞ ማስተካከል ብዙ ደብዳቤ ያድናል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ፎርሙ ከገባበት 3 ዓመት ወይም ታክሱ ከተከፈለበት 2 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው ነው ገደቡ። አይአርኤስ በ1042-ኤስ ለሚጠየቅ ተመላሽ እስከ 6 ወር ጠብቁ ይላል። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ተመላሹ የሚላክበት የወረቀት ቼክ እየቀረ ነው፣ የእንግሊዝ ባንኮች የዶላር ቼክ መቀበል ከጠሉ ስለቆዩ የሚናፍቀው ብዙ ሰው አይኖርም፣ ግን በቀጥታ ወደ ሂሳብ ለማስገባት ፎርሙ የሚጠይቀው የአሜሪካ ባንክ ቁጥር ነው።

የማይመለስም አለ። አይሳ የሚባለው ከታክስ ነፃ የእንግሊዝ ቁጠባ ውስጥ ያለ የአሜሪካ አክሲዮን እንግሊዝ ባታክሰውም አሜሪካ አይሳን ስለማታውቀው 15ቷ ትቆረጣለች፣ ሲፕ በሚባለው የእንግሊዝ የግል ጡረታ ውስጥ ከሆነ ግን ብሮከሩ ካስተካከለው ዜሮ ይሆናል። አየርላንድ የተመዘገበ ፈንድ ውስጥ ደግሞ ታክሱ የሚቆረጠው ከፈንዱ ስለሆነ አንተ የምትጠይቀው ነገር የለም። ላስ ቬጋስ ስሎት ማሽን (የቁማር ማሽን) ላይ አሸንፎ 30 የተቆረጠበት የእንግሊዝ ነዋሪ ግን ማስመለስ ይችላል፣ በስምምነቱ ነፃ ነው፣ ብላክጃክና ሩሌት ደግሞ ከመነሻውም አይቆረጥባቸውም።

ጡረታ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግስት ጡረታ) ክፍያ እንግሊዝ ለሚኖር ሰው ከአሜሪካ ታክስ ነፃ ነው፣ ሳያሳውቅ ቀርቶ ከተቆረጠበት 25.5 በመቶ ነው የሚሆነው (የ85 በመቶው 30)። 401ኬን በየወሩ ሳይሆን በአንዴ ማውጣት ግን ያጨቃጭቃል፦ ስምምነቱ ላይ እንዲህ ያለውን የምታክሰው ፈንዱ ያለባት አገር ብቻ ናት ይላል፣ ሌላ አንቀፅ ደግሞ እያንዳንዷ አገር የራሷን ነዋሪ የማስከፈል መብቷን ያስጠብቃል፣ ኤችኤምአርሲም በሁለተኛው ይዟል። አማካሪዎች በዚህ አይስማሙም፣ ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ከማውጣት በፊት ሁለቱንም አገር የሚያውቅ ታክስ ሰሪ ጋር መሄድ ያዋጣል።