መሃሉ ሲጎድል፦ የሆሊዉድ ሮማንቲክ ኮሜዲ እንዴት መነመነ

ሮማንቲክ ኮሜዲ ማለት ሁለቱ ሰዎች እንደሚዋደዱ ተመልካቹ ገና ከፖስተሩ የሚያውቀው፣ እነሱ ግን ይህንኑ ለመረዳት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚፈጅባቸው ፊልም ነው። ይገናኛሉ። ይናናቃሉ። ይላመዳሉ። ከዚያ በአንዲት ውሸት ይጣላሉ። መጨረሻ ላይ አንዱ ሮጦ ሌላውን ይደርስበታል፤ ብዙ ጊዜ ኤርፖርት ላይ። ሆሊዉድ ይህን ታሪክ ከሰባ ዓመት በላይ ሲሸጠው ኖሯል። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩበት። ብቻውንም አልሄደም። የፍርድ ቤት ድራማው፣ ለአዋቂ የተሠራው ትሪለር፣ የቤተሰብ ታሪኩ አብረውት ሄዱ። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ይዘታቸው ሳይሆን ዋጋቸው ነበር።

ይህ የዋጋ ክልል «መካከለኛ በጀት» ይባላል። በሕግ የተቀመጠ ልክ የለውም። በግምት ከ15 እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፊልም ማለት ነው። ከዚያ በታች ያለው የገለልተኛ ፊልም ሠሪዎችና የርካሽ አስፈሪ ፊልሞች ሰፈር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ 200 ሚሊዮን የሚበላው የጀግኖችና የፍንዳታ ዓለም አለ። መሃሉ ላይ የነበረው ፊልም ታዋቂ ተዋናይ፣ ጥሩ ደራሲ፣ ያማረ አፓርታማ እና ኒው ዮርክ መንገድ ላይ የሚወድቅ የመጸው ቅጠል ነበረው። ከተማ ሲፈርስ አይታይበትም።

አነሳሱ

ብዙዎች መነሻውን 1934 ላይ ያደርጉታል። በዚያ ዓመት ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ወጣ። ከአባቷ የኮበለለች የሀብታም ልጅና ሥራውን ያጣ ጋዜጠኛ በአውቶቡስ ጉዞ ላይ ይገናኛሉ። ፊልሙ ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ተዋናይ፣ ተዋናይትና የፊልም ጽሑፍ የተባሉትን አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ማደር ሲኖርባቸው በአልጋዎቹ መካከል ገመድ ተወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። ስሙንም «የኢያሪኮ ግንብ» ይሉታል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ ያ ግንብ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ያ ብርድ ልብስ የዘውጉ ምስጢር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያው ዓመት አጋማሽ የሆሊዉድ የሥነ ምግባር ደንብ መጥበቅ ጀመረ። ደራሲዎች አልጋውን ማሳየት ሲከለከሉ ሁሉን ነገር ወደ ንግግር አዛወሩት። ጭቅጭቁ ራሱ ፍቅር ሆነ። በአንድ ትንፋሽ የሚመላለሱ፣ አንዱ የሌላውን ቃል የሚነጥቁ ገጸ ባሕርያት የተወለዱት ከዚህ ጥበት ነው።

ሁለተኛው ወርቃማ ዘመን በ1989 በ«ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ጀመረ። ጽሑፉ የኖራ ኤፍሮን፣ ዝግጅቱ የሮብ ራይነር ነው። 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ90 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በዓመቱ «ፕሪቲ ዉማን» መጣ። በ14 ሚሊዮን ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ460 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ጁሊያ ሮበርትስንም ከተስፈኛ ተዋናይትነት አውጥቶ የዘመኑ ትልቅ ኮከብ አደረጋት። እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ በሉ። አንድ ፊልም የወጪውን ሠላሳ እጥፍ ሲያመጣ የትኛውም ነጋዴ ደግመህ ሥራ ይላል። ተደገመም። ሜግ ራያን፣ ቶም ሃንክስ፣ ሂው ግራንት፣ ሳንድራ ቡሎክ፣ በኋላም ዊል ስሚዝ በዚህ መንገድ አለፉ።

የዘመኑ ትልቁ ተአምር ግን ኮከብ ያልነበረበት ፊልም ነው። በ2002 የወጣው «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። አንድም ሳምንት የቦክስ ኦፊሱን (የትኬት ሽያጩን) አንደኛነት አልያዘም። ለወራት ከሲኒማ ቤት ሳይወርድ ግን በአሜሪካ ብቻ 241 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ማስታወቂያው ሰው ለሰው የሚያወራው ወሬ ነበር። ደግሞስ ዘመዶቿ ሁሉ ካልተሰበሰቡ ማግባት የማትችል ልጅ ታሪክ ለእኛ ምን ይተረጎምልናል?

ሁለተኛው ኪስ

ብዙ ሰው የሮማንቲክ ኮሜዲን መጥፋት የልዕለ ኃያል ጀግኖችን ፊልም በሚሠራው በማርቭል ያመካኛል። ክሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ሰይፉን የያዘው ሌላ ነው። እኔ ጥፋተኛው ዲቪዲ ነው ባይ ነኝ። ትክክሉን ለመናገር፣ የዲቪዲ መሞት።

ዲቪዲ አሜሪካ የገባው በ1997 ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ የስቱዲዮዎች ትልቁ የገቢ ምንጭ ሆኖ ነበር። ሰው አንድን ፊልም ሲኒማ ቤት ባያየውም ከወራት በኋላ ሱፐርማርኬት ሲገባ ከወተቱ ጋር ያነሳዋል። በተለይ ሮማንቲክ ኮሜዲን። ይህ ዓይነት ፊልም አንዴ ታይቶ የሚጣል አይደለም። ሲከፋ፣ ሲያም፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከጓደኛ ጋር ሲታደር ተደጋግሞ ይታያል። ስለዚህ ሲኒማ ላይ እንደነገሩ የሆነ ፊልም በዲቪዲ ይካካስ ነበር። ስቱዲዮው ሁለት ኪስ ነበረው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይይዝለታል።

(አዲስ አበባም የራሷ ሁለተኛ ኪስ ነበራት፤ ቪዲዮ ቤት። በብር ተከራይተን፣ ለሦስት ቤተሰብ አዟዙረን ነበር የምንመልሰው። ከእኛ ሰፈር የወጣው ቅጂ ግን ለሆሊዉድ አንድ ሳንቲም አላስገባም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ባንቆጠር ይሻላል።)

ከ2007 በኋላ ያ ኪስ መቀደድ ጀመረ። ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት የገንዘብ ቀውሱ ተከተለ። የፊልም ኪራይ ንጉሥ የነበረው ብሎክባስተር በ2010 ለኪሳራ ችሎት አመለከተ።

የቀረውን ሒሳብ ተዋናዩ ማት ዴመን በ2021 ባደረገው አንድ ቃለ ምልልስ በቀላሉ አስረድቶታል። 25 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ የፍቅር ታሪክ ልትሠራ ነው እንበል። ለማስታወቂያ ደግሞ ያንኑ ያህል ትጨምራለህ። 50 ሚሊዮን ሆነ። ከትኬቱ ግማሹን የሚወስደው ሲኒማ ቤቱ ነው። ስለዚህ አንዲት ዶላር ከማትረፍህ በፊት ፊልሙ 100 ሚሊዮን ማስገባት አለበት። ድሮ የጎደለውን ዲቪዲው ይሞላው ነበር። አሁን የሚሞላው የለም።

እዚህ ውስጥ የተደበቀ አንድ ነገር አለ። የማስታወቂያ ወጪ ከፊልሙ ጋር አብሮ አያንስም። የአሜሪካ የፊልም ስቱዲዮዎች ማኅበር ስለ 2007 ባወጣው አኃዝ አንድ የትልቅ ስቱዲዮ ፊልም በአማካይ 70.8 ሚሊዮን ዶላር ለሥራ፣ 35.9 ሚሊዮን ደግሞ ለማስታወቂያና ለስርጭት ይፈጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ይህን አኃዝ ማሳተም አቆመ። ትንሽ ፊልምም ትልቅ ፊልምም ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚከፍሉት ዋጋ ያው ነው። ታዲያ ነጋዴው ያው ማስታወቂያ ከተከፈለ አይቀር ቢሊዮን ሊያመጣ ለሚችለው ይሁን አለ። ክፋት የለበትም፤ ቁጥር ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች

የውጭ ገበያው ተከተለ። ከ2012 ጀምሮ ቻይና ከትኬት ገቢ ድርሻ እየከፈለች በዓመት የምታስገባቸውን የውጭ ፊልሞች ከ20 ወደ 34 ከፍ አደረገች። ስቱዲዮዎችም ዓይናቸውን ወደዚያ አቀኑ። ሕንፃ ሲፈርስ በየትኛውም ቋንቋ ይፈርሳል። ቀልድ ግን ቋንቋ ይፈልጋል። ሁለት የኒው ዮርክ ሰዎች በአንድ ሳንድዊች ዙሪያ የሚለዋወጡትን አሽሙር በንዑስ ጽሑፍ ማስተላለፍ ከባድ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁን ፊታውራሪ መሸሻ በእንግሊዝኛ ለማሳቅ የሞከረ ይፍረደኝ።

የስቱዲዮዎቹ ቁጥርም ቀነሰ። ዲዝኒ በ2009 ማርቭልን ሊገዛ ተስማማ። በ2019 ደግሞ በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፎክስን የፊልም ሀብት ጠቀለለ። ወዲያው ከዘጋቸው ክፍሎች አንዱ ፎክስ 2000 ነበር። ይህ ክፍል ለአዋቂዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ በመካከለኛ በጀት ፊልም በመሥራት የታወቀ ነው። በ2006 ያወጣው «ዘ ዴቪል ዌርስ ፕራዳ» ከ320 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር።

ዘውጉም ራሱ ንጹሕ አልነበረም። በ2000ዎቹ መጨረሻ የወጡት አብዛኞቹ ፊልሞች አሰልቺ ነበሩ። ሥራ የምትወድ ሴት ትመጣለች፤ ሰነፍ ወንድ ያስተካክላታል። ጀግኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭና ባለጸጋ ናቸው። አንዳንዱ «የፍቅር ማሳደድ» ዛሬ ቢታይ ፖሊስ የሚያስጠራ ነው። ከዚህ በላይ የከበደው ግን የእንቅፋት እጥረት ነበር። ሮማንቲክ ኮሜዲ ብርድ ልብሱን ይፈልጋል። አባት የማይከለክልበት፣ መደብ የማይለይበት፣ የጠፋ ሰው በስልክ በሁለት ሰከንድ የሚገኝበት ዓለም ላይ ሁለቱን ምን ይለያያቸው? ደራሲዎቹ መልስ ሲያጡ ውርርድና የውሸት ጋብቻ ፈጠሩ።

የመጨረሻው ደወል በ2010 ተደወለ። የጄምስ ኤል ብሩክስ «ሃው ዱ ዩ ኖው» 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ 50 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። በጊዜው እንደተዘገበው ለተዋንያኑና ለዳይሬክተሩ ብቻ ወደ 50 ሚሊዮን ተከፍሏል። መካከለኛው ፊልም መካከለኛ መሆኑን ረስቶ ነበር።

ተዋንያኑም ሸሹ። ማቲው መኮነሄይ በሮማንቲክ ኮሜዲ የከበረ ሰው ነው። አንድ ቀን በቃኝ አለ። ራሱ እንደተረከው ለአንድ ኮሜዲ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲቀርብለት እምቢ አለ፤ ዋጋው እየጨመረ 14.5 ሚሊዮን ደረሰ፤ አሁንም እምቢ አለ። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በ2014 ኦስካሩን በከባድ ድራማ ወሰደ። ወኪሎች ከዚህ የተማሩት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ፍቅሩ የት ሄደ?

ተመልካቹ አልጠፋም። ሃልማርክ የተባለው የኬብል ቻናል በየዓመቱ በርካታ የገና የፍቅር ፊልሞችን በጥቂት ሳምንት ቀረጻ እያወጣ ያንኑ ሰው ይዞት ኖረ። በ2018 ኔትፍሊክስ «ሴት ኢት አፕ»ን የመሰሉ የፍቅር ፊልሞችን ደርድሮ ለቀቀ። በዚያ ወቅት ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹ ቢያንስ አንድ የፍቅር ፊልም እንዳዩ ተናገረ።

እኛም ጋ ጥማቱ ነበር። በ2000ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲያብብ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ «ሮማንቲክ ኮሜዲ» በሚሉ ፖስተሮች ተሸፍኖ ነበር። ቃና በ2016 ተከፍቶ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያሰማ ደግሞ ሳሎኖች ሁሉ ጸጥ አሉ። ልዩነቱ እኛ ጋ መካከለኛ በጀት የሚባል ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም። ያልነበረን ነገር ማጣት አይቻልም።

ስትሪሚንጉ (በኢንተርኔት ማሳየቱ) ግን መፍትሔም ችግርም ሆነ። ፊልሙ በአርብ ይወጣል፤ በሁለት ሳምንት ይረሳል። ትኬት ስለማይሸጥ ለፊልም ሠሪው ከትርፍ የሚደርሰው ድርሻ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ክፍያውን ከፊት ይጠይቃል። ወጪውም ያብጣል። በዘውጉ አንጋፋ የሆነችው ናንሲ ማየርስ በ2023 ለኔትፍሊክስ ልትሠራው የነበረው ፊልም የተሰረዘው በዚህ ነው። እንደተዘገበው እሷ 150 ሚሊዮን ዶላር ስትፈልግ እነሱ ከ130 አንወጣም አሉ።

ሲኒማ ቤት የተመለሱት ጥቂቶች ግን አላፈሩም። የ«ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ» ሠሪዎች ኔትፍሊክስ ያቀረበላቸውን ጠቀም ያለ ገንዘብ ትተው በ2018 ትልቁን ስክሪን መረጡ። 30 ሚሊዮኑ 238 ሚሊዮን ሆኖ ተመለሰ። (እንቅፋቱን ልብ ብላችኋል? የልጁ እናት ናት።) በ2023 መጨረሻ የወጣው «ኤኒዋን በት ዩ» በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ 6 ሚሊዮን ብቻ ሲያስገባ ብዙዎች ቀበሩት። ወጣቶች በቲክቶክ እየተቀባበሉት ከ200 ሚሊዮን አለፈ። እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ቁጥር የንግድ ጋዜጦች «ሴቶች ሲኒማ ይገባሉ» የሚል ግኝት እንደ አዲስ ያትማሉ።

ዲዝኒም ከዘጋው ክፍል ጓዳ አንድ ነገር አወጣ። በ2025 አጋማሽ ሜሪል ስትሪፕና አን ሃታዌይ ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ሲቀረጹ ሕዝቡ ስልኩን ይዞ ከበባቸው። የሚቀረጸው «ዘ ዴቪል ዌርስ ፕራዳ» ቁጥር ሁለት ነበር።