የስፓኒሽ መደበኛ ግሥ በአሁን ጊዜ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስፓኒሽ ለመማር የሚነሣ አማርኛ ተናጋሪ፣ በተለይም በአሜሪካ የሚኖረው፣ ብዙ ጊዜ በእጁ የሚገባው መማሪያ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። በመሆኑም ስለ ግሥ እርባታ ከሚይዛቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ከፊሎቹ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከአማርኛ ይዟቸው የመጣ ናቸው። አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት መሠረቱን እናስቀምጥ። የስፓኒሽ ንዑስ አንቀጽ፣ ማለትም ግሡ ሳይረባ ያለው መልክ፣ በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል፤ ይህ መድረሻ ይነሣና የባለቤቱን መደብና ቁጥር የሚያመለክት ቅጥያ ይተካበታል። መናገር ማለት የሆነው «አብላር» ሲረባ በእኔ፣ በአንተ/አንቺ፣ በእሱ/እሷ፣ በእኛ፣ በእናንተ፣ በእነሱ ቅደም ተከተል አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላይስ፣ አብላን ይሆናል።

በመጀመሪያ የሚታየው ስሕተት ከእያንዳንዱ ግሥ በፊት ተውላጠ ስም መግባት አለበት ብሎ ማሰብ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ሕግ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሊቸገርበት አይገባም ነበር። «እናገራለሁ» ስንል ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግሡ ራሱ እንደሚነግረን ሁሉ «አብሎ»ም ያለ «ዮ» (እኔ) ሙሉ ነው። «ዮ አብሎ» ማለት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «እኔ እናገራለሁ» እንደማለት አጽንዖት ወይም ንጽጽር ያመጣል፤ «እኔ ስፓኒሽ እናገራለሁ፣ እሷ ግን ፈረንሳይኛ ትናገራለች» ለማለት ሲፈለግ ተገቢ ቦታው ነው። «አብላ» እሱን፣ እሷንም ሆነ እርስዎን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ከዐውዱ ማንነቱ በማይለይበት ጊዜ ተውላጠ ስሙ ያስፈልጋል።

«አብሎ ለወንድ፣ አብላ ለሴት ነው» የሚሉም አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ የስፓኒሽ ስሞችና ቅጽሎች በ«ኦ» ሲያልቁ ተባዕት፣ በ«አ» ሲያልቁ አንስት ይሆናሉ። በግሥ ላይ ግን እነዚህ ድምፆች ስለ ጾታ ምንም አይናገሩም። «አብሎ» ወንድም ሴትም ስለራሳቸው የሚሉት ነው። እንዲያውም «ትናገራለህ» እና «ትናገሪያለሽ» እያልን የምንለየው በስፓኒሽ «አብላስ» በሚል በአንድ ቃል ይጠቃለላል።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው የአክብሮት ጉዳይ ነው፤ ይህን ስሕተት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ አያርመውም፣ ምክንያቱም የሚመነጨው ከአማርኛ ነው። እኛ «እርስዎ ይናገራሉ» ስንል ግሡን በብዙ ቁጥር መልክ እናደርገዋለን፤ ስለዚህ «ኡስቴድ» ለሚለው የአክብሮት ተውላጠ ስም «አብላን» የሚለውን ብዙ ቁጥር መስጠት ተፈጥሯዊ ይመስለናል። ትክክለኛው ግን «ኡስቴድ አብላ» ነው፤ አክብሮቱ የሚገለጸው በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ሲሆን፣ «አብላን» የሚመጣው የሚከበሩት ሰዎች ከአንድ በላይ ሆነው «ኡስቴዴስ» ሲባሉ ነው። ስለ ሌላ ሰው ስንናገር ልዩነቱ ይሰፋል። «አባቴ ስፓኒሽ ይናገራሉ» የሚለው «ሚ ፓድሬ አብላ ኤስፓኞል» ይባላል፤ ግሡ ለአባትም ለልጅም አንድ ነው። ይህ ለአማርኛ ጆሮ ድፍረት ቢመስልም በስፓኒሽ ዘንድ ምንም ንቀት የለበትም፤ «አብላን» ቢባል ግን ሰሚው የቁጥር አለመስማማት እንጂ አክብሮት አይሰማበትም።

ሦስቱ የግሥ ክፍሎች ሦስት እጥፍ ሸክም ናቸው የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። መብላት ማለት የሆነው «ኮሜር» ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜይስ፣ ኮሜን ይላል፤ መኖር ማለት የሆነው «ቢቢር» ደግሞ ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቢስ፣ ቢቤን። ሁለቱ የሚለያዩት በ«እኛ» እና በ«እናንተ» ብቻ ነው።

ስለ «እናንተ» ከተነሣ፣ «ቦሶትሮስ» እና «አብላይስ» በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሁሉ ዘንድ ይሠራሉ ማለትም ስሕተት ነው። በዋናነት የስፔን ናቸው፤ በላቲን አሜሪካ ለወዳጅም ለእንግዳም «ኡስቴዴስ አብላን» ይባላል። በሌላ በኩል በአርጀንቲና፣ በኡራጓይና በመካከለኛው አሜሪካ በብዙ ቦታ ለአንድ ወዳጅ «ቱ» በሚለው ፈንታ «ቦስ» ይባላል፤ ከእርሱም ጋር አብላስ፣ ኮሜስ፣ ቢቢስ የሚሉት ግሦች በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ የድምፅ ጫና ተደርጎ ይነገራሉ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ኢትዮጵያውያንም ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሰዎችም በብዛት ስለሚኖሩ፣ የሥራ ባልደረባው «ቦስ» ሲል የሚሰማ ተማሪ የተበላሸ ስፓኒሽ ነው ብሎ እንዳይንቀው አሳስባለሁ። የዚያ አገር ሕዝብ ትክክለኛ አነጋገር ነው።

የአሁን ጊዜ የዘወትር ድርጊትን ብቻ ይገልጻል የሚለው ግምትም ጠባብ ነው። «ኮሞ» እንደ ዐውዱ «እበላለሁ»ም «እየበላሁ ነው»ም ሊሆን ይችላል። «ማኛና አብሎ ኮን ኤያ» የሚለው ደግሞ «ነገ ከእሷ ጋር እናገራለሁ» ማለት ነው፤ አንዱ መልክ ለአሁንም ለነገም ማገልገሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው የሚሳሳተው፣ ባለፈው ጊዜ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ለቀጠለ ድርጊት ያለፈ ጊዜ ሲፈልግ ነው። «ከመጋቢት ጀምሮ እዚህ እየሠራሁ ነው» ለማለት «ትራባኾ አኪ ዴስዴ ማርሶ» በቂ ነው።

በመጨረሻም፣ መደበኛ ግሥ ማለት ፊደሉ ፈጽሞ የማይለወጥ ማለት አይደለም። መጠበቅ፣ መከላከል ማለት የሆነው «ፕሮቴኼር» በስፓኒሽ «ኼ» በሚባለው ፊደል (g) ይጻፋል፤ «ፕሮቴኾ» ሲሆን ግን ያ ፊደል ከ«ኦ» በፊት «ጎ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ ድምፁን ለመጠበቅ «ኾታ» የሚባለው ፊደል (j) ይተካዋል። የተለወጠው ጽሕፈቱ እንጂ እርባታው አይደለም። የድምፅ ጫናውም እንደ ጌጥ አይታይ፤ «አብሎ» ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲሆን «እናገራለሁ»፣ በመጨረሻው ላይ ሲሆንና ምልክት ሲደረግበት «ተናገረ» ወይም «ተናገረች» ማለት ነው። «አብላሞስ» ግን «እንናገራለን»ም «ተናገርን»ም ስለሚሆን፣ ጊዜውን የሚለየው «ዛሬ» ወይም «ትናንት» የሚለው ቃል ወይም የንግግሩ ዐውድ ነው።