ኢሚውኖቴራፒ ካበቃ በኋላ የሚመጣ ጣጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኢሚውኖቴራፒ ማለት የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ ሕክምና ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ኪትሩዳ፣ ኦፕዲቮና የርቮይ ካንሰሩን ራሳቸው አይገድሉትም። ሥራቸው የሰውነታችንን ተከላካይ ሴሎች የያዘውን ፍሬን መልቀቅ ነው። የርቮይ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ የዚህን ሕክምና መሠረት የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ፍሬኑ የተለቀቀ ሴል ግን ጤነኛውን አካልም ሊያጠቃ ይችላል፤ ጥቃቱም ሕክምናው ካለቀ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ያኔ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተገላገልን» ብሏል፤ የካንሰር ሐኪሙ ቀጠሮም ተራርቋል።

«መርፌው ካበቃ ሦስት ወር አልፎታል፤ መድኃኒቱ ወጥቶልኛል»

እነዚህ መድኃኒቶች ቶሎ አይወጡም። ኪትሩዳም ሆነ ኦፕዲቮ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ኦፕዲቮ ሴሎቹ ላይ ተጣብቆ ከሁለት ወር በላይ እንደሚቆይም ታይቷል። መድኃኒቱ ተጠርጎ ቢወጣ እንኳ የነቁት ሴሎች እዚያው ናቸው። ካንሰሩን ለዓመታት የሚቆጣጠርልን ይኸው ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣው ጣጣም ከዚሁ ይመነጫል።

«ተቅማጡ ውሃ ስለለወጥኩ ነው»

አሜሪካ ወይም እስራኤል ታክሞ ዘመድ ሊጠይቅ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሆዱ ሲበላሽ ማንም የሚያስበው አሜባን ነው። ፍላጅል ይገዛል፣ አብሽ ይጠጣል፣ ሳምንት ያልፋል። አሜባ ሊሆን ይችላል፤ የሰገራ ምርመራም መደረግ አለበት። ነገር ግን ተከላካይ ሴሎቹ አንጀቱን እያቆሰሉት ከሆነ ፍላጅል አያድነውም፤ ችላ ከተባለም አንጀት እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ከወትሮው በቀን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ በዚያው ቀን ወደ ካንሰር ሐኪም መደወል ነው። ደም ወይም ብርቱ የሆድ ቁርጠት ካለው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የተቅማጥ ማስቆሚያ ኪኒን በራስ ውሳኔ መዋጥ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያቆምም። ደረቅ ሳልንና የትንፋሽ ማጠርንም «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ ያው ስህተት ነው፤ ሴሎቹ ሳንባውን እያጠቁት ሊሆን ይችላል።

«ድካሙ የካንሰሩ ትርፍ ነው፣ ይለቃል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ድካም ማንንም አያስደነግጥማ። ከድካሙ ጋር ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የክብደት መጨመር ካለ ታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሳያቆም አልቀረም። በደም ምርመራ ይለያል፤ ሕክምናውም በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ይወሰዳል፤ ቁርስም ቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ፣ ኪኒኑን በአቦል ማወራረድ ከፊሉን እንደመጣል ሊሆን ይችላል። ለፀጉር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲን ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ውጤትን ያዛባል፤ ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ ይነገረው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ሲነሱ ማዞር ከተጨመሩ የኮርቲሶል ሆርሞን እጥረት ይጠረጠራል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ሁለቱም እጥረቶች ካሉ መጀመሪያ የሚሰጠው የኮርቲሶሉ ምትክ ነው፤ የታይሮይዱን ማስቀደም ሰውየውን ሊጥለው ይችላል። ሃይድሮኮርቲዞን የተባለውን የኮርቲሶል ምትክ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት መጠኑን ይጨምራል፤ ካስመለሰውና ኪኒኑ ሆዱ ካልያዘለት መርፌ ያስፈልገዋል። በሁዳዴ ቁርስ ባይበላም የጠዋቷን ኪኒን መዝለል የለበትም፤ አወሳሰዱን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ከፍተኛ ጥም፣ ሽንት መብዛትና ማስመለስ አንድ ላይ ከመጡ ግን ለነገ የማይባል ነው። ብዙ ባያጋጥምም፣ ስኳር በድንገት ሊጀምር ይችላል፤ ኢንሱሊን ይፈልጋል።

«ስቴሮይድ ከወሰድኩ ካንሰሩ ይመለሳል»

የሴሎቹን ጥቃት ለማብረድ የሚሰጠው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው። ፍርሃቱ ይገባል፤ ተከላካይ ሴሎችን ስናበርድ ካንሰሩን የምናነቃው ይመስላል። ሆኖም ለእነዚህ ጉዳቶች ስቴሮይድ የወሰዱ ብዙ ሰዎች ካንሰሩን እንደተቆጣጠሩት ኖረዋል። አንጀትን ወይም ሳንባን ሳያክሙ መተው ግን ሊገድል ይችላል። ሲሻል ስቴሮይዱን ወዲያው መወርወርም የለም፤ መጠኑ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላደግን ሰዎች እዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል በልጅነት በባዶ እግር ገብቶ፣ ያለ ምንም ምልክት ለአሥርት ዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል። ከፍተኛ ስቴሮይድ ሲያገኝ ግን ተራብቶ ሰውነትን ሊወርር ይችላል። የተኛ ቲቢና የጉበት ቫይረስ ቢም እንዲሁ ሊነሱ ይችላሉ። የውጭ አገር ሐኪም የት እንዳደጋችሁ ላይጠይቅ ይችላል፤ ራሳችሁ ንገሩት። የትሉ ምርመራ የደም ነው፤ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲንም ቀላል ነው።

«መከላከያዬን በጥቁር አዝሙድና በሽፈራው ላጠናክር»

ችግሩ የመጣው መከላከያው ከልክ በላይ በመንቃቱ ነው፤ ምን ይጠናከራል? ወጥ ውስጥ የገባ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ምንም አይደለም። በእንክብል የሚሸጠውን ግን ለሐኪም ሳያሳዩ መዋጥ ይቅር።

«ምንም ጉዳት ስላልታየብኝ መድኃኒቱ አልሠራም»

ምንም ሳያማቸው ካንሰሩ የጠፋላቸው አሉ። ውጤቱን የሚናገረው የሲቲ ስካን ምርመራ ነው።

«ድንገተኛ ክፍል ‹ካንሰር ታክሜያለሁ› ካልኩ ይበቃል»

አይበቃም። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ የሚያስበው ኬሞን ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሲያተኩሰው የሚፈራው ነጭ የደም ሴል አንሶ የመጣ ኢንፌክሽን ነው፤ እዚህ ግን ሴሎቹ ራሳቸው አጥቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ አስተርጓሚ ሆኖ የሄደው ዘመድ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሸፍኖ «ትንሽ ታሞ ነበር» ሲል ነው። መባል ያለበት «ኢሚውኖቴራፒ ወስጃለሁ፤ ስሙ ኪትሩዳ ነው፤ የመጨረሻውን የወሰድኩት በእንዲህ ያለ ወር ነበር» ነው። የካንሰር ክፍሉ የሚሰጠውን የኢሚውኖቴራፒ ካርድ ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ፣ ለአጃቢውም መላክ ይቻላል። የደረት ሕመም፣ የዐይን ቆብ መውደቅ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ሲመጣ ካርዱ ከመታወቂያ ቀድሞ ይውጣ።