የብሔር ማንነትና የግጭት ጥናት ማዕከላት፦ አሠራራቸውና መለኪያዎቻቸው

የብሔር፣ የማንነት ፖለቲካና የግጭት ጥናት ማዕከላት አብዛኛውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ሥር የሚቋቋሙ ሲሆን፣ የፖለቲካ ሳይንስ፣ የአንትሮፖሎጂ፣ የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችን ያሰባስባሉ። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የግጭት ጥናት ክፍሉን በ1971 እ.ኤ.አ. ከፈተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቴድ ገር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ1986 የጀመሩትና ኋላ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው ፕሮጀክት አደጋ ላይ ያሉ አናሳ ቡድኖችን ይመዘግብ ነበር። በጀርመኗ ሃለ ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተቋም የተመሠረተው በ1999 ነው። ፍራንሲስ ስቲዋርት ይመሩት የነበረው የኦክስፎርድ ማዕከል ደግሞ ከ2003 እስከ 2010 በቡድኖች መካከል ያለውን የሀብትና የሥልጣን አለመመጣጠን አጥንቷል።

ከእነዚህ ማዕከላት የሚወጣ ማንኛውም ቁጥር ሁለት ውሳኔዎችን ተሸክሞ ይመጣል፦ ማን እንደ ቡድን ተቆጠረ? ምን እንደ ግጭት ተቆጠረ? መልሱ ያለው በጥናቱ መደምደሚያ ሳይሆን መዝጋቢዎች በሚሠሩበት የምደባ መመሪያ ውስጥ ነው።

ከቡድን እንጀምር። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የስብጥር መለኪያ፣ በዕጣ የወጡ ሁለት ሰዎች ከተለያየ ብሔር የመሆን ዕድላቸውን ያሰላል። የየቡድኑ ድርሻ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቶቹ ይደመራሉ፣ ድምሩ ከ1 ይቀነሳል። 50፣ 30 እና 20 በመቶ የሆኑ ሦስት ቡድኖች ቢኖሩ 0.25፣ 0.09 እና 0.04 ተደምረው 0.38 ይሆናሉ፤ መለኪያው 0.62 ነው። ሁለቱን አነስተኛ ቡድኖች «አንድ ሕዝብ ናቸው» ብሎ የደመረ መዝጋቢ ግን 0.50 ያገኛል። አገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ዝርዝሩ ነው። የዚህ መለኪያ ዋና ምንጭ ሆኖ የኖረው በ1964 ሞስኮ የታተመ አትላስ ሲሆን፣ ይበልጡን ቋንቋን መሠረት ስላደረገ ሁቱንና ቱትሲን አልለየም። ሩዋንዳ በዚያ መለኪያ ብዙም ልዩነት የሌለባት አገር መስላ የታየችው ለዚህ ነው።

በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የሚያዘው የመረጃ ቋት ጥያቄውን ቀየረው። አንድ ቡድን የሚመዘገበው በአገር አቀፍ ፖለቲካ በስሙ የሚናገር ድርጅት ካለው ወይም መንግሥት ሆን ብሎ የሚያገለው ከሆነ ነው። ከዚያ በማዕከላዊ ሥልጣን ላይ ያለው ቦታ በየዓመቱ ይሰጠዋል፦ ሥልጣንን ብቻውን ከያዘው ጀምሮ፣ በዋና ወይም በበታች አጋርነት እስከሚጋራው፣ ብሎም አቅም እስከሌለውና እስከሚገለለው። በዚህ መንገድ የተሠሩ ትንተናዎች፣ ለእርስ በርስ ጦርነት ይበልጥ የሚቀርቡት ከሥልጣን የተገፉ፣ በተለይም በቅርቡ የተገፉ ቡድኖች መሆናቸውን አሳይተዋል።

የግጭት ቆጠራም የራሱ ጣጣ አለው። ኡፕሳላ አንድን ግጭት በዓመቱ መዝገብ የሚያስገባው ቢያንስ 25 ሰው ሲሞትበት ነው፤ በውጊያ የሞተው 1,000 ከደረሰ ጦርነት ይባላል። ዓይነቱ ሦስት ነው፦ መንግሥት ያለበት፣ መንግሥት የሌለበት፣ እንዲሁም በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም የአንድ ወገን ጥቃት። ፈጻሚው ያልታወቀ ግድያ ከዋናው ቆጠራ ውጭ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ክስተት ዝቅተኛ፣ ይበልጥ የሚታመንና ከፍተኛ የሞት ግምት ይመዘገባል፤ ቦታውና ቀኑ ምን ያህል በትክክል እንደታወቀም ደረጃ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት አንድን ክስተት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ አንዱ ዘገባ ቀበሌውን፣ ሌላው የወረዳውን ከተማ ይጠቅሳል፣ የቦታው ስምም በሁለት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ዘጋቢ የማይደርስበት አካባቢ ደግሞ ሰላማዊ ይመስላል። ስልክ ሲገባለት ግጭቱ በወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ይጨምራል።

በቃለ መጠይቅ ሰው ስለ ጎረቤት ብሔር ያለውን ስሜት ፊት ለፊት አይናገርም። ጠያቂው የዚያ ብሔር ሰው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ስለዚህ የጠያቂው ማንነት ራሱ በመጠይቁ ላይ መመዝገብ አለበት። አንዱ መላ የዝርዝር ሙከራ ነው። ለግማሹ ተጠያቂ አራት ዓረፍተ ነገሮች፣ ለቀሪው እነዚያው አራቱና አንድ ስሱ (ሰው በግልጽ ሊናገርበት የማይወደው) ዓረፍተ ነገር ይነበባሉ፤ ሁሉም የሚመልሱት በስንቱ እንደሚስማሙ ብቻ ነው። አማካዩ 2.1 እና 2.4 ቢወጣ፣ በስሱው የሚስማማው ወደ 30 በመቶ ይገመታል። ዘዴው ሰፊ ናሙና ይፈልጋል። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ሁሉም ሰው የሚቀበላቸው ከሆኑ ደግሞ «በአምስቱም» ያለ ሰው ምስጢሩን አወጣ ማለት ነው፤ ስለዚህ እርስ በርስ የሚጋጩ ሆነው ይመረጣሉ።

የመረጃ ጥበቃ በዚህ ሙያ የወረቀት ሥርዓት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የቤልጂግ አስተዳደር በ1930ዎቹ ሩዋንዳ ውስጥ ብሔርን የሚገልጽ መታወቂያ አስገባ፤ በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ኬላ ላይ የሚገደለውን ለመለየት ያገለገለው ያ ምድብ ነው። በዚህ ምክንያት የተጠያቂው ስም በኮድ ይተካል፣ ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ከመረጃው ተለይቶ ይቀመጣል፣ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ይጠፋል። በአንድ መንደር የሚኖሩት የአንድ ቡድን አባላት በጣም ጥቂት ከሆኑ ስም ማውጣት አይበቃም፤ ዕድሜና ሥራ ብቻ ሰውየውን ያጋልጣሉ። ያኔ መንደሩ ቀርቶ ዞኑ ብቻ ይጻፋል፣ ተመራማሪው በካርታ ላይ ሊያሳይ የፈለገው ዝርዝር ቢጠፋበትም።

ትልልቆቹ ቋቶች በየጊዜው ይታደሳሉ፣ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮችም ይታረማሉ። ሁለት ጥናቶች ስለ አንድ ዓመት የተለያየ ድምር ሲያወጡ መጀመሪያ የሚታየው የተጠቀሙበት እትም ቁጥር ነው።