ቶክ ሬዲዮ ምንድን ነው?

ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። አሜሪካ እንደገባ ጆሮው እንግሊዝኛ እንዲለምድ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ደወለና «ይሄ ሰውዬ ዜና አንባቢ ነው ወይስ የተጣላው ሰው አለ?» አለኝ። ሰውዬው ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻውን ያወራል። ስለ ድንበር፣ ስለ ግብር፣ ስለ ቤንዚን ዋጋ፣ ስለ ትምህርት ቤት ቦርድ። አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ይስቃል። መሃል ላይ የፍራሽ ማስታወቂያ ራሱ ያነብና ወደ ቁጣው ይመለሳል።

ቶክ ሬዲዮ የሚባለው ይኸው ነው። የስፖርትም፣ የጤናም፣ የገንዘብም ቶክ ሬዲዮ አለ። አሜሪካኖች ግን ስሙን ሲጠሩ ብዙውን ጊዜ በልባቸው ያለው የወግ አጥባቂዎቹ ነው። ዜና አይደለም። ዜናው በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተነብቦ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰውዬው ሐሳብ ነው፤ እሱም ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ አይምልም።

ነገሩ የተጀመረው ከፖለቲካ ሳይሆን ከድምፅ ጥራት ነው። በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሙዚቃ አድማጩን ይዞ ወደ ኤፍኤም ሄደ። ኤፍኤም ጥርት ያለ ነው። ኤኤም ሩቅ ይሄዳል፤ ግን ይንሿሿል። ለዘፈን አይሆንም፣ ለወሬ ግን ይበቃል። የኤኤም ጣቢያ ባለቤቶች ባዶ ሰዓት ታቅፈው ቀሩ፤ በርካሽ የሚሞላላቸው ነገር ፈለጉ።

ብዙ ሰው ግን ታሪኩን የሚጀምረው ከሕግ ነው። ከ1949 ጀምሮ የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አንድ ደንብ ነበረው። ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ የሌላውንም ወገን ሐሳብ እንዲያሰሙ ያዛል። በ1987 ኮንግረሱ ደንቡን በሕግ ሊያጸናው ሞከረ። ፕሬዚዳንት ሬገን ውድቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኮሚሽኑ ራሱ ደንቡን ተወው። ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 1988፣ ረሽ ሊምቦ የሚባል የሚዙሪ ተወላጅ ከኒው ዮርክ ሆኖ ለመላ አገሪቱ ማውራት ጀመረ። ስለዚህ «ደንቡ ሲነሳ ቶክ ሬዲዮ ተወለደ» ይባላል።

እኔ ይህን ግማሽ እውነት ነው የምለው። ሊምቦ በ1984፣ ደንቡ እያለ፣ ሳክራሜንቶ ላይ በዚያው አንደበቱ ያወራ ነበር። ቦብ ግራንት ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ከእሱ በፊት በ1970ዎቹ በደዋዮቹ ላይ ይጮህ ነበር። የደንቡ መነሳት የጣቢያ ባለቤቶችን ፍርሃት አቀለለ። ሞተሩ ግን ንግዱ ነው።

ንግዱ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን ለብዙ ጣቢያዎች የሚያድል አከፋፋይ ኩባንያ አለ፤ ለጣቢያው ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል። በምላሹ የተወሰኑ የማስታወቂያ ደቂቃዎችን ለራሱ ያስቀራል፤ እነሱንም ለትልልቅ ኩባንያዎች ይሸጣል። የቀሩትን ደቂቃዎች ጣቢያው ለሰፈሩ መኪና ሻጭና ለጥርስ ሐኪሙ ይሸጣል። ለባለቤቱ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ደመወዝ የለ፣ ሪፖርተር የለ፣ ሦስት ሰዓት ሞላለት። ሊምቦ በ2008 የፈረመው የስምንት ዓመት ውል ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተዘግቦ ነበር።

ወዳጄ ሁለተኛ ጥያቄ ነበረው። «የሚደውለው ሰው ሁሉ ለምንድን ነው የሚስማማው?» ደዋዩ ቀጥታ አየር ላይ አይገባም። መጀመሪያ ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ከየት ነህ፣ ምን ልትል ነው ይለዋል። ፕሮግራሙን የሚያሞቅ ያልፋል፤ የሚያንዛዛ ይቀራል። ተቃዋሚም ይገባል፣ ግን አቅራቢው እንዲረታው ነው። የሊምቦ አድማጮች ከፊታቸው የደወለው ያወረደውን ውዳሴ ላለመድገም «ዲቶ» ይሉ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ማለት ነው። ከዚያ ዲቶኸድ የሚል ስም ወጣላቸው፤ እነሱም በኩራት ያዙት። በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲያሸንፉ አዲሶቹ ተመራጮች ሊምቦን የክብር አባላቸው አደረጉት።

የሚያሳዝነኝ ስለ ሰፈሩ የሚወራው ነገር ከሬዲዮው እየቀነሰ መሄዱ ነው። እስከ 1996 አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለው የጣቢያ ብዛት ገደብ ነበረው። የዚያ ዓመት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ገደቡን አነሳ። ዛሬ አይኸርትሚዲያ የሚባለው ክሊር ቻናል ከ1,200 በላይ ጣቢያ እስከመያዝ ደረሰ። በብዙ ከተማ ጠዋት ላይ አሁንም የአገሩ ልጅ አለ፤ ስለ ከንቲባው፣ ስለ ተቆፈረው መንገድ፣ ስለ ቤት ግብር ያወራል። ከቀትር በኋላ ግን ከሩቅ ከተማ በሳተላይት የሚመጣ ድምፅ ይተካዋል። ሰውዬው «ጎረቤቶቼ» እያለ ያወራል፤ ያንን ከተማ በካርታ እንኳ ላያውቀው ይችላል።

ሊበራሎቹም ሞክረው ነበር። ኤር አሜሪካ የሚባል መረብ በ2004 ከፍተው በ2010 ዘጉት።

ሊምቦ በየካቲት 2021 በሳንባ ካንሰር ሞተ። እንደ እሱ የሚያወሩ ሾን ሃኒቲ፣ ማርክ ሌቪንና ሌሎችም አሉ፤ ፖድካስቱም እየተሻማቸው ነው። በ2023 ደግሞ ፎርድ ከአዳዲስ መኪኖቹ ኤኤምን ላወጣ ነው አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የኤኤምን ድምፅ ይረብሻል። የኮንግረስ አባላት ከሁለቱም ፓርቲ ተነሱ፤ አደጋ ሲመጣ ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ የሚሰማው በኤኤም ነው ብለው ተሟገቱ። ቶክ ሬዲዮዎቹም ጮኹ፤ አድማጫቸው ያለው መኪና ውስጥ ነውና። ፎርድ በሳምንታት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ወዳጄ አሁን የሚነዳው ሃይብሪድ ነው። ኤኤሙ ይሠራል፤ እሱ ግን ከቤት ሲወጣ የሚከፍተው የአማርኛ ዩቲዩብ ነው። እዚያም አንድ ሰውዬ ብቻውን እየተቆጣ ያወራል።